የፈንጂ ቅሪት መለያ ሲገዛ፦ ፍሎረሰንት ፖሊመር ወይስ አንቲቦዲ?

ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ናሙናው ከየት እንደሚመጣ ይለይ፤ ከሻንጣ እጀታና ከአየር ነው ወይስ ከአፈርና ከጉድጓድ ውሃ?

ለሻንጣና ለአየር ፖሊመሩ ይሻላል። የኤምአይቲው ኬሚስት ቲሞቲ ስዋገር ባበለጸጉት ፖሊመር የተሠራው ፊዶ የተባለው መሣሪያ የዚህ ወገን ነው። ስስ ሽፋኑ ብርሃን ሲበራበት ይፈካል፤ ቲኤንቲ የተባለው ፈንጂ ሞለኪውል ሲያርፍበት ይደበዝዛል። ፖሊመሩ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ስለሆነ አንዷ ሞለኪውል የብዙ ቀለበቶችን ብርሃን ታጠፋለች። መልሱም በሰከንዶች ይደርሳል። ጣጣው ሽፋኑ ብርሃን በበራበት ቁጥር እየደከመ መሄዱ ነው፤ ስለዚህ የመለዋወጫውን ዋጋና ዕድሜ ሻጩን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ብዙ ቅሪት ያለበት ናሙና ከገባ ደግሞ ንባቡ ወደ መነሻው እስኪመለስ ይጠበቅ፤ አለዚያ ቀጣዩ ሻንጣ በፊተኛው ጥፋት ይከሰሳል።

አፈር ላይ ግን አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ንጥረ ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን፣ ነው። የአሜሪካ አካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ቲኤንቲን በአፈር ውስጥ ለመለየት ያወጣው ዘዴ 4050 በዚሁ ይሠራል። አፈሩ በአሴቶን ወይም በሜታኖል ይበጠበጣል፣ ይጣራል፣ ከዚያም ከኪቱ (ከመመርመሪያ ስብስቡ) ጋር በሚመጣው በፈር፣ ማለትም የአሲድነት መጠንን በሚጠብቅ ፈሳሽ፣ ይቀጥናል። ማቅጠኑን የዘለለ ሰው አንቲቦዲውን በአሴቶን ያበላሸዋል። ሌላው ስህተት ንባቡ ላይ ነው፤ በነዚህ ኪቶች ቀለሙ በፈዘዘ ቁጥር ቲኤንቲው በዝቷል ማለት ነው። ጀማሪ ደማቁን አይቶ «ተገኘ!» ይላል። ኪቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሠራ አይታመንም፤ ከመጠቀም በፊት ደግሞ ወደ ክፍሉ ሙቀት ይምጣ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የቲኤንቲ ኪት አርዲኤክስ የተባለውን ሌላ ፈንጂ አያይም፤ ለሁለቱ ሁለት ኪት ይገዛል። የቲኤንቲን የቅርብ ዘመዶች፣ ለምሳሌ ቲኤንቢን፣ ግን ሊያምታታ ስለሚችል አወንታዊ ውጤት በኤጀንሲው ዘዴ 8330፣ ማለትም ኬሚካሎችን ነጣጥሎ በሚለካው የላቦራቶሪ ዘዴ በኤችፒኤልሲ፣ ይረጋገጥ።

ለወራጅ ውሃ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ምርምር ላቦራቶሪ አንቲቦዲንና ፍሎረሰንት ብርሃንን አዋህዷል፤ አንቲቦዲው ፍሎረሰንት ቀለም የተለጠፈበትን የቲኤንቲ አምሳያ ይዞ ይቆያል፤ እውነተኛው ቲኤንቲ ሲመጣ አምሳያው ቦታውን ይለቅቃል፤ ዳሳሹም ከታች ያነበዋል።

ውሃው የሚጠጣ ከሆነ ከሁሉ በፊት የመለያ ገደቡ ይታይ። ኤጀንሲው ለዕድሜ ልክ መጠጥ የመከረው የቲኤንቲ መጠን በሊትር 2 ማይክሮግራም ነው፤ ከ10 በታች ማየት በማይችል ኪት «አልተገኘም» የሚል ውጤት ለዚህ አያገለግልም።