ሁለት ቅዳሜ፣ 2,500 ብር እና ሦስት ባዶ ቼክ

«በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?»

ስለ ገንዘብ ወንጀል ልማር የሄድኩበት ቤት በር ላይ መጀመሪያ የተጠየቅኩት ይህንን ነው። ገንዘብ የምትቀበለው ልጅ ክፋት የላትም፤ አፏ ለምዶባት ነው። «በደረሰኝ» አልኳት። የማሽኑ ወረቀት አልቆ ስለነበር ሌላ ጥቅል እስክታመጣ አሥር ደቂቃ ቆምኩ። ከኋላዬ የነበሩት ሁለት ሰዎች ግን ከፍለው ዝም ብለው ገቡ።

ሥልጠናው ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለሒሳብ ሠራተኞች፣ ለገንዘብ ያዦችና ለማኅበር ኃላፊዎች የተዘጋጀ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ 2,500 ብር ከነሻዩ፣ ምሳ በራስ። የቤቱን ስም አልጽፍም። ባመሰግን ማስታወቂያ ይሆናል፣ ባማ ደግሞ ጠብ። ሁለቱንም ስለማደርግ ይቅር።

እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመቴ። በዚያ ላይ የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። ይሄኛው ሥራ ደሞዝ የለውም፤ ወቀሳው ግን አይጣል ነው።

አሠልጣኙ ጡረታ የወጡ ዐቃቤ ሕግ ናቸው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ማይኩን ግን አይፈልጉትም። የኋላ ወንበር የያዛችሁ እዘኑ። «የነጭ ኮሌታ ወንጀል» ብለው ሲጀምሩ አጠገቤ የተቀመጡ አባት «ነጭ ለባሽ ነው ያሉት?» ብለው ጠየቁኝ። አልፈረድኩባቸውም። በእኛ አገር ነጭ ለብሶ የሚታወቀው ጠባቂው እንጂ ሌባው አይደለም። ስያሜውን ያወጣው ኤድዊን ሰዘርላንድ የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1939። የተከበረ ሰው፣ ወንበር ያለው ሰው፣ በሥራው አጋጣሚ የሚፈጽመው ወንጀል ማለቱ ነበር። እስከዚያ ድረስ ወንጀል ከድህነት ጋር ብቻ ነበር የሚጠናው አሉ።

የሥልጠናው ምርጡ ክፍል ከሻይ በኋላ መጣ። ፕሮጀክተሩ እምቢ ሲል ሰውዬው ማርከር አነሡ። (ቀድሞም እምቢ ባለ!) ሐሰተኛ ደረሰኝ እንዴት እንደሚሠራ ሰሌዳው ላይ በቁጥር አሳዩን። አንድ ድርጅት ዕቃ ሳይገዛ የ1,000,000 ብር የግዢ ደረሰኝ ብቻ ይገዛል። 15 በመቶ ቫቱ 150,000 ብር ነው። «ስገዛ ከፍዬዋለሁ» ብሎ ለገቢዎች ከሚያስረክበው ቫት ላይ ይቀንሰዋል። ያ ቫት ግን ቀድሞውኑ ከደንበኛው ኪስ የተሰበሰበ ነው። ሚሊዮኑም ወጪ ተብሎ ይመዘገባል። ትርፉ በዚያው ልክ ያንሳል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ 30 በመቶ የትርፍ ግብር ስላለበት ሌላ 300,000 ብር ያስቀራል። ደምሩት፤ 450,000 ብር። ደረሰኝ ሻጩ ከዚህ ላይ ትንሽ ይደርሰዋል። ሲሚንቶው የለም፣ ብረቱ የለም፣ መኪናው አልተጫነም።

እጄ ላብ አወጣ። ምክንያቱም ይህንን ነገር አውቀዋለሁ።

ከዓመታት በፊት ሌላ ቤት ተቀጥሬ ነበር። አለቃዬ በየወሩ መጨረሻ ደረሰኝ በፖስታ ያመጣል። ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር። መጋዘኑን አውቀዋለሁ፤ ያ ሁሉ ብረት ቢገባበት በሩ አይዘጋም ነበር። «አንቺ ዝም ብለሽ መዝግቢ» ይለኛል። መዘገብኩ። አንድ ቀን ኦዲት ሲመጣ «እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ሒሳብ አላውቅም፣ እሷን ጠይቋት» ብሎ ወጣ። ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። እናቴ ለማርያም ተሳለች። ያዳነኝ እርሳስ ነው። ማን እንዳመጣውና መቼ እንደሰጠኝ ደረሰኙ ጀርባ ላይ በእርሳስ እጽፍ ነበር። ነገ ክስ ይመጣል ብዬ አይደለም፤ ስለምረሳ ነው።

ሰውዬው የወጪ ማዘዣ ኮፒ ሲያድሉን ያ ጊዜ ሁሉ መጣብኝ። ከታች ሦስት መስመር አለ፦ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው። በየቀኑ የማየው ወረቀት ነው። በዚያ ቤት የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ላይ የእኔ ፊርማ ነበር። ሦስተኛው ሁሌም ባዶ። አለቃዬ «እኔ ባልፈርምም የራሴ ገንዘብ ነው» ይል ነበር፤ እኔም እውነት ይመስለኝ ነበር። አሠልጣኙ ባዶውን መስመር በማርከር አከበቡት። «መርማሪ ቃል የሚቀበለው ከፈረመው ሰው ነው። ባዶ መስመር ቃል አይሰጥም» አሉ። ለዚህች ብቻ 2,500 ብሩ ይበቃል እላለሁ።

ምሳ ላይ በባጃጅ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወርደን የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ በላን። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ እንደተለመደው ሰው እጅ እጅ ያያሉ። የከሰዓቱን ክፍለ ጊዜ ግማሽ ያመለጥነው በዓሣው ምክንያት ነው፤ ያ የአዘጋጆቹ ጥፋት አይደለም።

ሁለተኛው ቅዳሜ ግን አሰልቺ ነበር። አዋጅ ማንበብ። የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008፣ በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ይከለክል የነበረው አዋጅ 780/2005፣ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ 881/2007። ቁጥሩን ከመስማት እንቅልፍ ይሻላል። ደረቅ ቼክ፣ ማለትም ባንክ ውስጥ ገንዘብ የሌለው ቼክ፣ መጻፍ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 እንደሚያስቀጣ ሲነግሩን ክፍሉ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ነጋዴ ያንን አንቀጽ ከጸሎት እኩል ነው የሚያውቀው። የታደለን ጥራዝም ኮፒው ከመደብዘዙ የተነሣ አንዳንዱ ገጽ አይነበብም።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። እጄን አውጥቼ «አለቃ መዝግቢ ሲልስ? የቤት ኪራይ አለብኝ» ብዬ ጠየቅኩ። «'አለቃዬ አዞኝ ነው' ማለት ጋሻ አይሆንሽም እህቴ» አሉ። ስለ ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ 699/2003ም ጠቀሱልኝ። ጥበቃው ግን ለከባድ ወንጀሎች የታሰበ መሆኑንም አልደበቁም። ሁለት ደቂቃ። አለቀ። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ከሠላሳ በላይ ተቀጣሪዎች ግማሽ ቀን ልናወራበት የምንችለው ነገር ነበር። አለቆች በሥልጠናው አልነበሩም። እነሱማ ለምን ይመጣሉ።

አንድ ጊዜ ግን ነቃሁ። የሙስናው አዋጅ መንግሥት ቤትን ብቻ አይደለም የሚመለከተው። ከሕዝብ ወይም ከአባላት የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድር «ሕዝባዊ ድርጅት»ም በውስጡ አለ፤ አክሲዮን የሸጠ ኩባንያ ማለት ነው ለምሳሌ። እድርን ግን በስም ጠቅሶ ከዚህ ውጪ አድርጎታል። እድር! እኔና ሁለት ሴቶች እርስ በርስ ተያይተን ሳቅን። ሰውዬው ማርከራቸውን አስቀመጡ። «አትሳቁ። የእድር ገንዘብ የበላ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 በእምነት ማጉደል ይጠየቃል» አሉ። ከዚያ የሰዘርላንድ ተማሪ ስለነበረው ዶናልድ ክሬሲ ነገሩን። እስር ቤት ሄዶ የታመኑበትን ገንዘብ የወሰዱ ሰዎችን አነጋግሯል። ጠቅለል ሲደረግ ነገሩ ሦስት ነው፤ ለሰው የማይነገር ችግር፣ ክፍት ቀዳዳ፣ እና ለራስ የሚነገር ማመካኛ። ብዙዎቹ «ተበድሬ ነው፣ እመልሰዋለሁ» ብለው ነው የጀመሩት።

ቀዳዳ ሲሉ መሳቢያዬ ታየኝ።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከ10 ሰባት። የመጀመሪያው ቅዳሜ ብቻ ቢሆን ዘጠኝ እሰጥ ነበር። ገንዘብ የምትነኩ ከሆነ ሂዱ፤ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ደረሰኝ ጠይቁ።

ማክሰኞ ማታ የእድራችን ሊቀመንበር ቤት ሄድኩ። እሳቸውና ጸሐፊው ቀድመው የፈረሙባቸው ሦስት ቼኮች እኔ ጋ ነበሩ። መጠኑ ባዶ፣ ስሙ ባዶ። ሌሊት ሰው ቢሞት ፈራሚ ፍለጋ እንዳንዞር ብለን ነው። ከቡናው ጎን ደረደርኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ ማን ምን አለሽ?»

«ማንም ምንም አላለኝም ጋሼ። ይሰርዙልኝ።»

«እኛ እኮ አምነንሻል።»

«እርስዎ ስላመኑኝ ነው የመጣሁት። እኔ ብቸገርስ?»

ዝም ብለው ቆዩ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን ቼኮች ሰረዙ። ሦስተኛውን አገላብጠው አዩትና መለሱልኝ። «ይቺ ትቆይ። የላይ ሰፈሯ እማማ ደክመዋል።»

ያቺ ቼክ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ናት። ጀርባዋ ላይ ቀኑንና ያሉትን በእርሳስ ጽፌበታለሁ።