ራፓማይሲን ወይስ ሊቲየም?

እዚህ ሐዋሳ ከባዮኬሚስትሪ ተማሪዎች ጋር ስንወያይ ደጋግሞ የሚነሳው ጥያቄ፣ የነርቭ ሕዋስ በውስጡ የተከማቹ የተበላሹ ፕሮቲኖችን ራሱ ፈጭቶ የሚያስወግድበትን ሂደት፣ ማለትም ኦቶፋጂን፣ ለማነቃቃት ከሁለቱ መድኃኒቶች፣ ከራፓማይሲንና ከሊቲየም፣ የትኛው ይመረጣል የሚለው ነው።

ራፓማይሲን የሕዋስን ዕድገት የሚቆጣጠረውንና ኦቶፋጂን የሚያግደውን ኤምቶር የተባለ ኢንዛይም ይገታል፤ በ2004 በታተመ ጥናትም ራፓማይሲን በዝንቦች፣ ተዋጽኦው ደግሞ በአይጦች ላይ የሀንቲንግተን በሽታን፣ ማለትም የተበላሸ ፕሮቲን በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ የሚከማችበትን በዘር የሚተላለፍ የአንጎል በሽታ፣ ጉዳት ቀንሷል። ሆኖም መድኃኒቱ በ1999 በአሜሪካ የተፈቀደው ሰውነት የተተከለለትን ኩላሊት እንዳይቃወም የመከላከል አቅምን ለመግታት ነበርና፣ ለዓመታት ለሚወሰድ ሕክምና ይህ ቀላል ዕዳ አይደለም።

ሊቲየም በሌላ መንገድ፣ በሕዋስ ውስጥ ለመልእክት ማስተላለፊያ የሚያገለግለውን ኢኖሲቶል የተባለ ስኳር መሰል ንጥረ ነገር መጠን በመቀነስ ኦቶፋጂን ያነሳሳል። ችግሩ ጂኤስኬ-3 የተባለውን ኢንዛይምም ስለሚገታ ኤምቶርን መልሶ ሊያነቃቃ መቻሉ ነው፤ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይነሳል እንደማለት ነው። በ2008 ጡንቻን የሚያዙ ነርቮችን በሚገድለው የኤኤልኤስ በሽታ ሕሙማን ላይ የተደረገ አነስተኛ ሙከራ ተስፋ ቢሰጥም፣ ተከትለው የመጡት ሰፋፊ ሙከራዎች አላረጋገጡትም። ርካሽነቱም ቢሆን አያታልለን፤ የደምና የኩላሊት ክትትል ይጠይቃል።

ለቤተ ሙከራ ሥራ፣ ዒላማው ጥርት ያለ በመሆኑ፣ ራፓማይሲንን አስቀድማለሁ።