የደሴን ፎቶ ከኖቲፊኬሽን ጀርባ ማድረግ፦ ከወራት በኋላ

ሩት ባደረግኩት (ሲስተሙን እንዳሻኝ የመቀየር ሙሉ ፈቃድ ባገኘሁበት) ሬድሚ ኖት 10 ፕሮ ስልኬ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ሲሳብ የሚወርደውን የኖቲፊኬሽን ገጽ ጀርባ በራሴ ፎቶ ከቀየርኩ ወራት አልፈዋል። እስካሁን አላነሳሁትም። መጀመሪያ የመረጥኩት ፎቶ ግን ዛሬ እዚያ የለም።

እሱ ከጦሳ ተራራ ላይ ሆኜ ያነሳሁት የደሴ ፎቶ ነበር፤ ቆርቆሮ በቆርቆሮ የተደራረበበት። ብቻውን ሲታይ ልብ ይወስዳል። ጽሑፍ ሲያርፍበት ግን ጉድ ነው፤ በተለይ የአማርኛ ጽሑፍ። የእንግሊዝኛ ፊደል እንደምንም ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን «ለ»ን ከ«ሉ»፣ «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው፤ ቅጥያዋ የቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ስታርፍ ትጠፋለች። ደሴ ቤት ውስጥ ሆኜ ብዙም አልተሰማኝም ነበር። ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ ነው ነገሩ የሚብሰው፤ በዚያ ፀሐይ መልእክቱን ለማንበብ ስልኩን በእጄ መከለል ነበረብኝ።

አሁን ያለው በክረምት ያነሳሁት ጉም የለበሰ ጦሳ ነው። ዝርዝር የለው፣ ደማቅ ቀለም የለው፤ በዚያ ላይ ከግማሽ በላይ አጥቁሬዋለሁ። የማጥቆሪያ ማስተካከያ የሌለው ሮም (በስልኩ ላይ የሚጫነው የአንድሮይድ ሲስተም) ከሆነ ፎቶውን አስቀድሞ በኤዲተር ማጨለም ይሻላል።

አሠራሩን ላልሞከሩት፦ ላይነጅኦኤስ የተባለው ነፃ ሮም ራሱ ይህ ምርጫ የለውም፤ በእሱ ላይ ተመሥርተው የተሠሩ አንዳንድ ሮሞች ግን በገጹ ራስጌ ላይ ሥዕል ማስገባት ይፈቅዳሉ። ሥዕሉ ሙሉውን ገጽ እንዲሞላ ከተፈለገ ስልኩ ማጂስክ በተባለው መሣሪያ ሩት ተደርጎ ሞጁል (ሲስተሙን የሚቀይር ተጨማሪ ጥቅል) ይጨመራል። የኖቲፊኬሽን ካርዶቹ አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ስለሆኑ እነሱንም ከፊል አሳላፊ ካላደረጓቸው ሥዕሉ በክፍተቶቹ ብቻ ነው ብቅ የሚለው። እኔ ካርዶቹን ድፍን እንደሆኑ ትቻቸዋለሁ። የሚነበበው እዚያ ላይ ነውና ውበቱ በዳር በዳር ይበቃኛል።

አንድ የሚያናድድ ነገር፦ በገጹ ላይ ያሉት የማብሪያ ማጥፊያ ቁልፎች (የዋይፋይ፣ የብሉቱዝና የመሳሰሉት) ቀለም የሚቀዳው ከዎልፔፐሩ እንጂ ከዚህ ሥዕል አይደለም። ዎልፔፐሬ ቀይ በነበረ ጊዜ ግራጫው ጉም ላይ ሮዝ ቁልፎች ተደርድረው ነበር። ሁለቱን ቦታ በአንድ ፎቶ መሙላት ቀላሉ መፍትሔ ነው። ባትሪ ይበላል የሚሉ አሉ፤ ገጹ የሚከፈተው ለጥቂት ሰከንድ ስለሆነ እኔ ልዩነት አላየሁም።

የሚያሳስበው ዝመናው ነው። ሮሙ ሲታደስ የድሮው ሞጁል ከአዲሱ ሲስተም ጋር ላይስማማ ይችላል፤ ያኔ ከላይ ያለው ገጽ በሙሉ እየወደቀ ይነሳል። ስልኩን በሴፍ ሞድ (የተጨመሩ መተግበሪያዎች ሳይነሱ) ማስነሳት የማጂስክን ሞጁሎች ስለሚያጠፋ ብዙ ጊዜ ከዚህ ጣጣ ያወጣል። ከዝመና በፊት ሞጁሉን ማጥፋት ግን ከሁሉም ይቀላል።

ለሩትም ሆነ ለሌላ ሮም ቡትሎደር (ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳው የተቆለፈ ፕሮግራም) ሲከፈት በስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ፣ ሩት በተደረገ ስልክ ላይ አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎች አልከፈትም እንደሚሉም ይታወቅ። አንድ ስልክ ብቻ ያለው፣ ብሩንም በእሱ የሚያንቀሳቅስ ሰው ሩቱን ትቶ ሮሙ ራሱ የሚሰጠውን የራስጌ ሥዕል ቢጠቀም ይሻለዋል፤ እሱም ቢሆን የባንኩ መተግበሪያ እንደሚከፈት ካጣራ በኋላ። ለእህቴ ስልክ ያደረግኩት ይህንኑ ነው፤ ሥዕሉን እሷ መርጣ፣ ማጥቆሪያውን እኔ አስተካክዬ።