በሸራ ጀልባ ደሴት ሲዞር፦ በሰዓት አቅጣጫ ወይስ በተቃራኒው?

መነሻው የደሴቲቱ ምሥራቅ ጫፍ ነው፤ ነፋሱም ከምዕራብ፣ ትንሽም ከደቡብ በኩል ይነፍሳል እንበል።

በሰዓት አቅጣጫ ከተዞረ የተጋለጠው ደቡባዊ ዳርቻ ይቀድማል። የሸራ ጀልባ በቀጥታ ወደ ነፋሱ መሄድ ስለማይችል 45 ዲግሪ ያህል እየሰበረ ግራና ቀኝ ይመላለሳል። 30 የባሕር ማይል ወደ 42 ይጠጋል፤ በ5 ኖት (በሰዓት 5 የባሕር ማይል) የ6 ሰዓቱ መንገድ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል ማለት ነው፤ ያውም ማዕበል ፊት ለፊት እየመታ።

በተቃራኒው ከተዞረ ያው ምልልስ አለ፤ ግን በሰሜን በኩል የብሱ ማዕበሉን ስለሚከልል ውሃው የተረጋጋ ነው። ከገደል ሥር ብቻ ድንገተኛ ነፋስ ስለሚወርድ ሸራውን ቀድሞ መቀነስ ያሻል። ደቡቡ በመልስ ጉዞ፣ ነፋስን ከኋላ ይዞ ያልፋል። እኛ የምንመርጠው ይህንን ነው።

አደጋው ግን እዚሁ ምቾት ውስጥ አለ፦ በ5 ኖት ከነፋሱ ጋር ሲኬድ 15 ኖት ነፋስ መርከበኛው ፊት ላይ 10 ብቻ ይመስላል። ሸራው ሳይቀነስ ይቆይና ጀልባዋ ወደ ነፋሱ ስትዞር ጉልበቱ በአንዴ ይመጣል። የዋናውን ሸራ የታች አግዳሚም በገመድ ወደ ፊት ማሰር ነው፤ ሳይታሰብ ከተወረወረ ራስ ይመታል።

የባሕሩ ውሃ ራሱ በ2 ኖት በሚፈስበት ደግሞ ከነፋሱ ይልቅ ፍሰቱ አቅጣጫ የሚቀይርበት ሰዓት ይወስናል።