ሌንገር ወይስ ሌንግረ?

ኖርዌይኛ ለሚማር ሰው እነዚህ ሁለት ቃላት (lenger እና lengre) ራስ ያዞራሉ። በጽሑፍ የሚለያዩት መጨረሻቸው ላይ ብቻ ነው፤ በአንዱ «ኤ» ትቀድማለች፣ በሌላው «አር»።

ሌንግረ ቅጽል ነው፣ ስምን ይገልጻል። «ቡክሳ ኤር ሌንግረ» ሲሉ ሱሪው ከሌላው ይረዝማል ማለታቸው ነው። ደስ የሚለው፣ «ኤን ሌንግረ ሳምታለ» ሲባል ማወዳደሩ ይቀርና ረዘም ያለ ጭውውት ብቻ ይሆናል።

ሌንገር ግን ተውሳከ ግስ ነው። ራቅ ብሎ ለመሄድ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ለመቆየት እሱን ያዙ። ዋናው ቦታው ደግሞ ከአሉታው «ኢከ» ጋር ነው፦ «ያይ ቡር ኢከ ሄር ሌንገር»፣ አሁን እዚህ አልኖርም። እዚህ ጋ ሌንግረ በፍጹም አይገባም። ኖርዌጂያኖቹም ሲጽፉ ይሳሳቱበታልና አይክበዳችሁ።