ሃንስ የምትገዙ፣ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን አትመኑ

ንዴቱ ሳይበርድልኝ ስለምጽፍ ቃሌ ቢሻክር ይቅርታ። ዕቃው ሃንስ ነው፣ የውድድር መኪና ነጂ በግጭት ጊዜ ጭንቅላቱ ወደፊት እንዳይወረወር ትከሻው ላይ የሚያደርገው መያዣ፤ ባለ 20 ዲግሪው፣ ለተለመደው የመኪና ወንበር የሚሆነው። ሻጩን ታውቁታላችሁ፦ ብሩ እስኪገባለት በየደቂቃው መልስ ይሰጣል፣ ከገባለት በኋላ ስልክ አያነሳም።

ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ብርማው የፊያ (የዓለም የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን) የ8858 መለኪያ ሆሎግራም ቁልጭ ብሎ ይታይበታል። ከሳጥኑ የወጣው ግን ተራ ስቲከር ነው፤ ቢያዘነብሉት ቀለሙ ንቅንቅ አይልም፣ ጠርዙም በጥፍር ይላጣል። ይሄ እንኳ ይቅር። ዋናው ጉድ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ቀንበር ከሄልሜቱ ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ላይ ነው። በግራ በኩል ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ ዚግዛግ ነው፤ በቀኝ በኩል ሁለት ቀጥ ያለ መስመር ብቻ፣ ክሩም ቀጭንና ሌላ ቀለም። አንድ ሰው አሮጌውን ቆርጦ በቤት የስፌት መኪና ሰፍቶታል ማለት ነው። ማሰሪያው ላይ ለብቻው መኖር የነበረበት የፊያ መለያም የለም። ለሄልሜቱ የመጡት ብሎኖች ደግሞ ኤም 5 (ባለ 5 ሚሊሜትር) ናቸው፤ የሄልሜቱ ቀዳዳ ኤም 6 ስለሆነ ገብተው ይሽከረከራሉ እንጂ አይጠብቁም።

ሱቃቸው ድረስ ሲመለስላቸው የሱቁ ልጅ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ማሰሪያውን በሁለት እጁ ይዞ ጎተተና «ይኸው፣ መች ተበጠሰ?» አለ። ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞሮ እየሳቀ፦ «ወንድሜ፣ ፎርሙላ ዋን ልትነዳ ነው እንዴ?»

በእጅ ጎትቶ ሊያሳምን! ጭንቅላትና ሄልሜት አንድ ላይ 6 ኪሎ ተኩል ያህል ናቸው። በ50 ጂ (የመሬት ስበት 50 እጥፍ) ግጭት ያው 6 ኪሎ ተኩል ከ300 ኪሎ በላይ ሆኖ ወደፊት ይጎትታል። ቀበቶው ደረትን ይዞ ያስቀረዋል፣ ጭንቅላት ግን ጉዞውን ይቀጥላል፤ የራስ ቅል ሥር የሚሰበረው እንዲህ ነው። ይህን ጉልበት ከሄልሜት ተቀብለው በትከሻ ቀበቶ ሥር ወዳለው ቀንበር የሚያስተላልፉት እነዚያ ሁለት ማሰሪያዎች ብቻ ናቸው። አንዱ ስፌት ከተተረተረ የቀረው ካርቦን ፋይበር ጌጥ ነው።

ገንዘብ መመለስ የለም፣ «ሳጥኑ ተከፍቷል»። በለውጥ የቀረበው ደግሞ ባለ ስፖንጁ የአንገት ቀለበት! ልጁ መለያውን በጣቱ እየመታ «ይሄም ኤስኤፍአይ አለው» ይላል። የኤስኤፍአይ፣ የአሜሪካው የውድድር ዕቃ ደህንነት መለኪያ አውጪ፣ መለያስ አለው፤ ግን 3.3። 3.3 የእሳት መለኪያ ነው፤ ጨርቁ ቶሎ እንደማይቀጣጠል ይናገራል እንጂ በግጭት ጊዜ ጭንቅላት ስለመያዙ ምንም አይልም። የዚያኛው መለኪያ 38.1 ነው። ስፖንጁ የካርት ነጂ አንገት እንዳይዝል ይረዳ ይሆናል፤ የፊት ለፊት ግጭት ላይ ግን ጭንቅላትን ወደኋላ የሚይዝ ነገር የለውም። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እንጃ፣ ሁለቱም ያስፈራል።

ለምትገዙ፦ መለያውን ቀንበሩም ላይ ማሰሪያውም ላይ ፈልጉ። 38.1 ከሆነ ቀኑን እዩ፤ በየ5 ዓመቱ ተመርምሮ መታደስ አለበት። ሄልሜታችሁ ስኔል ኤስኤ2015 (የውድድር ሄልሜት መለኪያ ነው) ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነ የኤም 6 ቀዳዳው ከፋብሪካ አብሮ ይመጣል፤ «እኛ እንበሳልሃለን» ያላችሁን ጥላችሁት ውጡ። በመኪናው የራሱ ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ሃንስ አይሠራም፤ በሁለቱም ትከሻ የሚያልፍ ቀበቶ ከሌላችሁ ገና አትግዙ።

ሳጥኑንም ስትከፍቱ ሻጩ ፊት ክፈቱ፣ በፖስታ ከመጣ ደግሞ ቴፑ ሳይቀደድ ጀምራችሁ በቪዲዮ ቅረጹ።