ትንሹ ዋኮም ኢንቱኦስ ለጥላ ሥራ

ጅማ ላይ ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ በዲጂታል ለሚስል ሰው ይህ ታብሌት (ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ በብዕር የሚሳልበት ሰሌዳ) ይበቃል። ብዕሩ ባትሪ አይፈልግም፤ 4096 የግፊት ደረጃ ይለያል።

ክሪታ በተባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ (ነፃ ነው) ለጥላው አዲስ ሌየር (ከሥዕሉ በላይ የሚነጠፍ ንጣፍ) ከፍቶ የታችኛውን ቀለም በሚያጠቁረው መልቲፕላይ ላይ ማድረግ፣ የብሩሹን ኦፓሲቲም (የቀለሙን ድፍንነት) 25 በመቶ አካባቢ መያዝ ነው። ጥላው የሚሞላበት መስመር የመቀመጫውን ጎድጓዳ ተከትሎ ይጠምዘዝ፤ ቀጥ ካለ በርጩማው ጣውላ ይመስላል። ሁለተኛው የመስመር ዙር የመጀመሪያውን በ30 ዲግሪ ገደማ ይቁረጠው፤ በ90 ከሆነ የሚወጣው ወንፊት ነው። ጥላው በትንሽ ግፊት ቶሎ የሚጠቁር ከሆነ እጅን ከመውቀስ በፊት በዋኮም ሴቲንግ የጫፉን ስሜት ወደ ጠንካራው መግፋት ይሻላል።

ጉድለቱ ጥበቱ ነው፦ 152 በ95 ሚሊ ሜትር ላይ ከክንድ የሚሳብ ረጅም መስመር አይመችም። በአንድ ጎን አልቆ የሾለ የብዕር ጫፍ ደግሞ ሰሌዳውን ይቧጭራል፤ መለዋወጫው እዚያው ብዕሩ ሆድ ውስጥ አለ።